ሰርግ ላይ ፎቶ ማንሳትና ቪዲዮ መቅረጽ፦ ልዩነቱን ከዝግጅት እስከ ርክክብ

ጥር ሲገባ ካሜራ ያለው ሰው ስልክ አያርፍም። ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ሁሉም መዳር ይፈልጋል፤ ቅዳሜና እሑድ ይጣበባል። ደዋዩም ብዙ ጊዜ እንዲህ ይላል፦ «ፎቶውንም ቪዲዮውንም አንተው ትሠራልናለህ አይደል?» ካሜራው ሁለቱንም ስለሚችል «እሺ» ማለት ይቀናል።

ካሜራው አንድ ነው፤ ሥራው ግን ሁለት ነው። ፎቶ አንሺ አንዲት ቅጽበት ይጠብቃል። ቪዲዮ ቀራጭ ደግሞ ከዚያች ቅጽበት በፊት የነበረውንም በኋላ የመጣውንም አያይዞ ይፈልጋል፤ ያውም ከነድምፁ። ሹተሩ (ለብርሃን የሚከፈተውና የሚዘጋው የካሜራው በር)፣ መብራቱ፣ የምትቆሙበት ቦታ፣ ዝግጅታችሁ ሁሉ የሚለያየው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ፎቶ ለምዶ ወደ ቪዲዮ ለሚገባ ሰው፣ ወይም ቪዲዮ ለምዶ ፎቶ ለሚጀምር ሰው ነው። ካሜራ ባለሙያ ለመቅጠር የሚያስቡ ሙሽሮችም ምን እንደሚጠይቁ ያውቁበታል። ምሳሌዎቹን የወሰድኩት ከአዲስ አበባ ሰርግ ነው።

1. ሥራውን ከመቀበላችሁ በፊት

ከሙሽሮቹ ጋር ቡና እየጠጣችሁ የምታወሩት ነገር የሰርጉን ቀን ይወስነዋል።

ለፎቶ የሚያስፈልጋችሁ የሰዎች ዝርዝር ነው። ማን ከማን ጋር ይነሳል? አያት አሉ? ከውጭ የሚመጣ ወንድም አለ? አባትና እናት ተለያይተው ከሆነ አብረው ይቆማሉ ወይስ ለየብቻ? ቀድማችሁ ከጠየቃችሁ በዕለቱ ሰው ፊት አትደናገሩም። ከሁለቱም ወገን ዘመዶቹን በስም የሚያውቅ አንድ አንድ ሰው ይመደብላችሁ። እናንተ «የሙሽሪት አክስቶች!» ብላችሁ ብትጣሩ ማንም አይመጣም። እሱ ግን ሄዶ እጃቸውን ይዞ ያመጣቸዋል።

ለቪዲዮ የሚያስፈልጋችሁ ደግሞ የድምፅ ዝርዝር ነው። ማን ይመርቃል? ማን ንግግር ያደርጋል? ቃል ኪዳኑ በማይክ ነው ወይስ ያለ ማይክ? ዲጄው ማን ነው፣ ስልኩስ? መድረክ መሪው ፕሮግራሙን በምን ቅደም ተከተል ነው የሚያስኬደው? ቪዲዮ ቀራጭ ከሰርጉ በፊት ዲጄውን ካላገኘ አዳራሽ ውስጥ ድምፅ ሲለምን ይውላል።

ቀብድ ስትቀበሉ ወረቀት ይኑር። ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ነው? መልስ ይጨምራል? አልበሙ ስንት ገጽ ነው? ትልቁ የግድግዳ ፎቶ ስንት ነው? አጭሩ ቪዲዮ ስንት ደቂቃ፣ ረጅሙስ? ለቲክቶክ የሚሆን በቁመት የተቀረጸ ይፈልጋሉ? የመጨረሻዋን ጥያቄ እንዳትረሱ። ፎቶን በፈለጋችሁት ሰዓት ካሜራውን አዙራችሁ በቁመት ታነሳላችሁ። ቪዲዮ ግን ቀረጻው መሐል ላይ አይዞርም። በወርድ የቀረጻችሁትን በኋላ በቁመት ስትቆርጡት የአንዱ ሙሽራ ግማሽ ፊት ይቀራል። ቁም ቪዲዮ ከተፈለገ ለእሱ ብቻ አንድ ሰው በስልክ ቢመደብ ይሻላል።

ድሮን ከፈለጉ ፈቃዱ ቀድሞ ይለቅ። ያለ ፈቃድ ማስነሳት ለእናንተም ለሙሽሮቹም ጣጣ ነው።

2. ከሰርጉ በፊት ባለው ማታ፦ ካሜራው

ይህን ክፍል ረጋ ብላችሁ አንብቡት፤ የሚበላሽ ቪዲዮ አብዛኛው የሚበላሸው እዚህ ነው።

በፎቶ ሹተር ስፒድ፣ ማለትም ሹተሩ ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ፣ ነጻ ነው። ሰው ሲራመድ 1/250 ሰከንድ፣ ጭፈራ ሲደምቅ 1/500፣ ፀሐይ ላይ 1/3200 ብትሉ ማንም አይከለክላችሁም። በቪዲዮ ግን ሹተሩ ከፍሬሙ ጋር፣ ማለትም በሰከንድ ከሚቀረጹት ምስሎች ቁጥር ጋር፣ የታሰረ ነው። የተለመደው ሕግ የፍሬሙን ቁጥር እጥፍ ማድረግ ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም ከሆነ 1/50፤ 50 ፍሬም ከሆነ 1/100። ከዚያ አልፋችሁ 1/500 ላይ ብትቀርጹ እንቅስቃሴው ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ ለዓይን ይጎረብጣል።

አሁን ወደ መብራቱ እንምጣ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላል። ዓይናችን አያየውም፤ ካሜራ ግን ያየዋል። እኛ ጋ ያለው ካሜራ ደግሞ ብዙው ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣው ነው። እዚያ 60 ኸርዝ ስለሆነ ካሜራው ኤንቲኤስሲ በሚባለው ሥርዓት፣ በ30 ወይም በ60 ፍሬም ተስተካክሎ ይመጣል። እንደመጣ አዳራሽ ውስጥ ብትቀርጹበት ጥቁር መስመሮች ምስሉ ላይ ከላይ እስከ ታች ይንሸራተታሉ። ያንን በኤዲቲንግ ለማጥፋት መከራ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሜኑው ውስጥ ግቡና ፓል የሚለውን፣ የ50 ኸርዙን ሥርዓት፣ ምረጡ። ከዚያ 25 ወይም 50 ፍሬም፣ ሹተር 1/50 ወይም 1/100። አንዳንድ ካሜራ ይህን ስትቀይሩ ካርዱን ፎርማት አድርጉ ይላል። ስለዚህ በዋዜማው፣ ካርዱ ባዶ ሳለ ጨርሱት። ውጭ የምትሠሩም ያላችሁበትን አገር መብራት እወቁ። እስራኤል፣ ዱባይና አውሮፓ እንደኛው 50 ነው። አሜሪካና ሳዑዲ 60 ነው፤ እዚያ በ30 ፍሬም 1/60 ይሁን።

ሹተሩ 1/50 ላይ ሲታሰር ቀን ላይ ሌላ ችግር ይመጣል። ብርሃኑ ይበዛል። በጠራራ ፀሐይ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100 ላይ፣ 1/50 ብትሉ ሌንሱ እስከ ኤፍ 22 ድረስ መዘጋት አለበት፤ የኤፍ ቁጥር ሲያድግ የሌንሱ ቀዳዳ ይጠባል። እናንተ ደግሞ የሙሽሮቹ ጀርባ እንዲደበዝዝ ኤፍ 2.8 ትፈልጋላችሁ። በመካከሉ ስድስት ስቶፕ ልዩነት አለ፤ አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ በእጥፍ ሲጨምር ወይም በግማሽ ሲቀንስ ነው። ያንን የሚሸፍነው ሌንሱ ላይ የሚታሰረው፣ ብርሃን የሚቀንሰው ኤንዲ ፊልተር ነው፤ ስድስት ስቶፕ ማለት ኤንዲ 64 ነው። ጠቆር ነጣ የሚደረገው ተለዋዋጭ ኤንዲ ለሰርግ ይመቻል፤ ከቤት ወደ ደጅ ስትወጡ ፊልተር ስትፈቱ አትገኙም። ፎቶ አንሺ ይህን ሁሉ አያስፈልገውም፤ ሹተሩን ከፍ ያደርጋል፣ አበቃ።

ቀለም ላይም ልዩነት አለ። ፎቶን በሮው (ካሜራው ባልነካው ጥሬ ፋይል) ካነሳችሁ የአምፖሉን ብጫነት በኋላ በቀላሉ ታስተካክላላችሁ። አብዛኛው ካሜራ የሚቀርጸው ቪዲዮ ግን ቀለሙ እዚያው የተጋገረ ነው። ስለዚህ ቪዲዮ ላይ አውቶ ዋይት ባላንስን፣ ማለትም ካሜራው በራሱ የሚያደርገውን የቀለም ማስተካከያ፣ አትመኑ። ደጅ ወደ 5500 ኬልቪን፣ ብጫ አምፖል ሥር ወደ 3200 ኬልቪን አድርጋችሁ ዝጉት። አውቶ ከተዋችሁት ሙሽሪት ከመስኮት ወደ ጓዳ ስትራመድ ፊቷ በአንድ ቀረጻ ውስጥ ከሰማያዊ ወደ ብርቱካን ይሄዳል።

ካርዱንም አስሉ። ብዙ ካሜራ ላይ ያለው 4ኬ፣ በሰከንድ 100 ሜጋቢት፣ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይበላል። ባለ 64 ጊጋው ካርድ አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም። ፎቶ በሮው አንዱ 30 ሜጋባይት ቢይዝ 2000 ፎቶ 60 ጊጋባይት ነው። ማለትም የፎቶ አንሺው የቀን ሙሉ ካርድ ለቪዲዮ ቀራጩ የቤተ ክርስቲያኑን እንኳ አይጨርስለትም። ባትሪም እንደዚሁ። ፎቶ ላይ አንድ ባትሪ ብዙ ይቆያል፤ ቪዲዮ ላይ ቶሎ ያልቃል። በዚያ ላይ አንዳንድ ቀደም ያሉ ካሜራዎች 30 ደቂቃ ሊሞላ ሲል ቀረጻውን በራሳቸው ያቆማሉ። የእናንተ እንደዚያ ከሆነ ረጅም ንግግር ሲመጣ ማስጠንቀቂያ ሰዓት ሙሉና ትንፋሽ ሲሆን ቆርጣችሁ እንደገና ጀምሩ።

3. ጠዋት ቤት

የመኝታ ቤቱን አምፖል አጥፉ፤ መጋረጃውን ክፈቱ። ይህ ለሁለቱም ይሠራል። ሙሽሪት ፊቷን ወደ መስኮቱ ትስጥ።

ፎቶ አንሺ መጀመሪያ ዕቃዎቹን ይጨርስ። የተሰቀለው ቬሎ፣ ጫማው፣ ቀለበቱ፣ ሽቶው፣ የጥሪ ካርዱ። ቪዲዮ ቀራጭም እነዚሁን ይቀርጻል፤ ግን እጅ ሲነካቸው ነው የሚፈልገው። እናት የቬሎውን ቁልፍ ስትቆልፍ፣ ሚዜዋ የጫማውን ማሰሪያ ስትይዝላት። እያንዳንዱን ቀረጻ ቢያንስ አስር ሰከንድ ያዙ። ከፎቶ የመጣ ሰው ሁለት ሰከንድ ሲቀርጽ «አገኘሁት» ብሎ ያቆማል። ማታ ኤዲት ሲያደርግ ግን የሚቆረጥ ነገር አያገኝም። ልምዱ እስኪመጣ በልባችሁ ቁጠሩ። ለእያንዳንዱ ድርጊትም ሦስት ርቀት ይኑር፦ ክፍሉ በሙሉ፣ ከወገብ በላይ፣ ከዚያ እጅ ወይም ዓይን ብቻ። ለፎቶ ከሦስቱ አንዷ ምርጥ ብትሆን በቂ ናት። ለቪዲዮ ሦስቱም ካልተያያዙ ታሪኩ አይፈስም።

ከዚያ የመኪና ጡሩምባ ይሰማል። ሙሽራው መጣ። የሙሽሪት ወገን በሩን ዘግቶ «አናስገባም» ይላል፤ ሚዜዎቹ ሽቶ እየረጩ ይለማመጣሉ። እዚህ ላይ ቪዲዮ ቀራጩ ውስጥ ይሁን፣ ከበሩ ጀርባ፣ ከልጃገረዶቹ ትከሻ በላይ። ከመጀመሪያው እልልታ ጀምሮ ሙሽራው እስኪገባ ሳያቋርጥ ይቅረጽ፤ ዘፈኑ መሐል ላይ ከተቆረጠ ጨዋታው ይሞታል። ፎቶ አንሺው ደጅ ይቁም። ከተቻለ ደረጃ ወይም ወንበር ላይ ወጥቶ፣ የሚዜዎቹን ፊትና የበሩን ግርግር አንድ ላይ ያንሳ። ከውስጥ ወደ ደጅ ለሚያነሳ ሰው ደግሞ የኋላው ብርሃን ፊቱን ያጠቁርበታል። በፎቶ ትንሽ ፍላሽ ይፈታዋል፤ በቪዲዮ ብርሃኑን በፊቱ ልክ አስተካክሉ፤ ደጁ ነጭ ቢሆን ግዴለም። ሽቶው ሲረጭ ሌንሱ ላይ ይቀመጣል። ንጹሕ ጨርቅ ደረት ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር፤ በሸሚዝ አትጥረጉ።

አሁን ጉልበት መሳም። ለእኔ የሰርጉ ልብ ይህ ነው፤ የሁለቱም ሥራ ልዩነት በደንብ የሚታየው እዚህ ነው።

ወላጆች ወንበር ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ሙሽሪት ቬሎዋን ሰብስባ ጎንበስ ትላለች። ጎንበስ ስትል ፊቷ አይታይም፤ የሚታየው ጀርባዋና ቬሉ ነው። ብዙ ሰው የሚያነሳው ያንን ነው። ፎቶ አንሺ ሆይ፣ ትንሽ ታገሥ። እናት በሁለት እጇ ትከሻዋን ይዛ ቀና ታደርጋትና ጉንጯን ትስማለች። በዚያች አንድ ሰከንድ የሁለቱም ፊት አንድ ላይ ይገኛል። ከጎን፣ ተንበርክካችሁ፣ በ35 ሚሊሜትር ሌንስ፣ 1/250 ላይ ሆናችሁ ሦስት አራት ተከታታይ ፎቶ አንሱ። እንባ ካለ ከእነዚያ ባንዱ ላይ ይገኛል።

ቪዲዮ ቀራጩ ግን ሙሽሪት ሳትመጣ፣ ወላጆቹ ወንበራቸውን ሲያስተካክሉ መቅረጽ ይጀምር። አባትየው ከመቀመጣቸው በፊት ትንሿን ገመድ አልባ ማይክ ኮታቸው ላይ ሰክቶላቸዋል። «አባባ፣ ይህችን ላስቀምጥልዎት» ብሎ በአክብሮት ከጠየቀ እምቢ የሚል የለም። ምርቃቱ ይጀምራል። ቃሉ ሁሉ መሰማት አለበት፤ ቤተ ዘመዱ «አሜን» የሚለውም ጭምር። የመጨረሻው አሜን ሳያልቅ ካሜራ አይጠፋም። ሙሽሮቹ ሲነሱም አትከተሏቸው። ዞር በሉና ጥግ ላይ ቆመው ዓይናቸውን በነጠላ የሚጠርጉትን አክስት ያዙ፤ ይህን ምርቃቱ ላይ ትደርቡታላችሁ።

ሁለታችሁም እዚያች ጠባብ ሳሎን ውስጥ ናችሁ። ጎን ተከፋፈሉ፤ ፎቶው ከቀኝ፣ ቪዲዮው ከግራ። ፎቶ አንሺ ቪዲዮው ፊት አቋርጦ ማለፍ ካለበት ጎንበስ ብሎ፣ በአንድ ጊዜ፣ ፈጥኖ። ይህን በዋዜማው ተነጋገሩ እንጂ ምርቃት መሐል በጥቅሻ አይሆንም።

4. ቤተ ክርስቲያን ወይም ኒካህ

ተክሊልና ቁርባን ከሆነ ማለዳ ነው፤ ረጅምም ነው። የደብሩን ካህናት ቀድማችሁ ጠይቁ። የት መቆም ይቻላል? ፍላሽ ይፈቀዳል? የማይቀረጸው የቱ ነው? ጫማ ስለሚወለቅ ንጹሕና ወፍራም ካልሲ አድርጉ፤ ወለሉ ይቀዘቅዛል። እዚያ ሥራችሁ ከጸሎቱ በታች ነው። ካህን «በቃ» ካሉ በቃ ነው።

ፎቶ አንሺ ኤፍ 2.8፣ 1/160፣ አይኤስኦ 3200 አካባቢ ይጀምር። ትንሽ የሚታየው ኖይዝ (የምስሉ ሻካራነት) አያስጨንቅ፤ የሚያስጨንቀው የተንቀጠቀጠ ፎቶ ነው። ካባው ሲደረብና አክሊሉ ሲደፋ የምታገኙት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ድምፅ አልባው የኤሌክትሮኒክ ሹተር ለጸሎት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ኤልኢዲ አምፖል ሥር እላይ ያልኳችሁን መስመር ፎቶ ላይም ያመጣል። ገብታችሁ አንድ ሙከራ አንሱ። መስመር ካለ ወደ ሜካኒካሉ ተመለሱ።

ቪዲዮ ቀራጭ ትራይፖዱን አንድ ቦታ ተክሎ አይንቀሳቀስ። ዜማው ከነምስሉ ሳይቆራረጥ ይያዝ። ጊምባል (ካሜራ እንዳይንቀጠቀጥ የሚያደርገውን መያዣ) ይዞ ቅዳሴ ላይ መንጎራደድ አያምርም።

ፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ከሆነ ቃል ኪዳኑ በማይክ ስለሚሆን ቪዲዮው ከሚክሰሩ (ከድምፅ ማደባለቂያው) ገመድ ይለምን፤ ፎቶው ቀለበት ለሚገባበት እጅ ረጅም ሌንስ ያዘጋጅ። ኒካህ ከሆነ የሴቶች በኩል በሴት ባለሙያ መሠራቱን ቀድማችሁ ጠይቁ።

5. ፓርክ

እንጦጦ ይሁን ወዳጅነት ፓርክ ወይም የሆቴል ግቢ፣ የካሜራ ክፍያና የተከለከለ ቦታ መኖሩን ቀድሞ የሚያጣራ ሰው ይኑር። በሚያዝያ የቀትር ፀሐይ አዲስ አበባ ላይ ልክ አናት ላይ ትውላለች። ዓይን ሥር ጥቁር ጥላ ትጥላለች። ዛፍ ሥር ግቡ፤ ግን ቅጠሉ የሚያሳልፈው ነጠብጣብ ብርሃን ፊት ላይ እንዳያርፍ።

እዚህ ላይ ፎቶው «ቁሙ» ይላል፤ ቪዲዮው «ሂዱ» ይላል። ሁለቱ አብረው ካዘዙ ሙሽሮቹ ግራ ይጋባሉ። ጊዜውን ክፈሉት። መጀመሪያ ፎቶው ሃያ ደቂቃ ይውሰድ፤ ከዚያ ቪዲዮው ሃያ። አንዱ ሲያዝ ሌላው ዝም ብሎ የተረፈውን ይልቀም። ለፎቶ አገጭ፣ እጅ፣ ትከሻ ታስተካክላላችሁ። ለቪዲዮ ግን የሚሠሩት ነገር ስጧቸው። «እስከዚያ ዛፍ ድረስ ሂዱና ለመጀመሪያ ጊዜ የተያያችሁበትን ቀን አጫውቷት» በሉት። ካሜራ ረስተው መሳቃቸው አይቀርም።

ደግሞ ውኃ ስጧቸው። የቆረቡ ከሆነ ጾመው ነው የዋሉት። የደከመ ፊት በየትኛውም ሌንስ አያምርም፤ ከዚያ በላይ ግን ቀኑ የእነሱ ነው።

6. አዳራሽ

የፎቶና የቪዲዮ ጠብ የሚነሳው እዚህ ነው፤ ምክንያቱም መብራት ነው። ፎቶ በፍላሽ ይሠራል። ፍላሹ ከሰከንድ ጥቂት ሺኛ በማይበልጥ ጊዜ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ቪዲዮው ላይ ግን ምስሉን ከላይ ወይም ከታች ግማሹን ነጭ ያደርገዋል። ቪዲዮ ደግሞ የማያቋርጥ መብራት ይፈልጋል። ያንን ካሜራው አናት ላይ አስሮ ሙሽሮቹ ዓይን ውስጥ የሚያበራ ሰው የፎቶውንም ጥላ ይደመስሳል፤ ፊቱ ሁሉ ጠፍጣፋ ይሆናል።

መስማማት ይቻላል። ቪዲዮው ሁለት ኤልኢዲ በቁም ማቆሚያ፣ ከፍ አድርጎ፣ ከመድረኩ ሰያፍ ይትከል፤ አንዱ ከፊት በጎን፣ ሌላው ከኋላ። ፎቶ አንሺውም በእነሱው ብርሃን ይጠቀም። ሙሽሮቹ ሲገቡና ንግግር ሲደረግ ፍላሹን ይቀንስ፤ ለቡድን ፎቶና ለጭፈራ እንደልቡ ያብራ። ጣሪያው ነጭና ዝቅ ያለ ከሆነ ፍላሹን ወደ ላይ አዙሩት። ጣሪያው በጨርቅ ዲኮር ከተሸፈነ የጨርቁ ቀለም ፊት ላይ ይወርዳልና ተጠንቀቁ።

ድምፁን ቪዲዮ ቀራጩ በሦስት መንገድ ይያዝ። አንድ፦ ከዲጄው ሚክሰር በገመድ ወደ መቅረጫ። ሁለት፦ ንግግር በሚደረግበት ቦታ ገመድ አልባ ማይክ። ሦስት፦ የካሜራው የራሱ ማይክ፤ እልልታውና ጭብጨባው ከዚያ ይገኛል። የንግግሩ ድምፅ መለኪያው ላይ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ይዋል። ከዚያ በላይ ካደረጋችሁት እልልታ ሲመጣ ይፈነዳል፤ የተሰነጠቀ ድምፅ ደግሞ አይጠገንም። መቅረጫው በባትሪ ይሥራ። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር እስኪነሳ ሚክሰሩ ዝም ይላል፤ እንግዳው ግን አይቆምም፤ በከበሮና በጭብጨባ ይቀጥላል። ያ ጊዜ አንዳንዴ የምሽቱ ምርጥ ይሆናል።

እስክስታ ላይ አንድ ምክር አለኝ። በፎቶ 1/500 ላይ ትከሻውን በአየር ላይ ታቆሙታላችሁ፤ ወይም 1/30 ላይ ፍላሽ ጨምራችሁ እንቅስቃሴው እንዲሳብ ታደርጋላችሁ፤ ሁለቱም ያምራል። ቪዲዮ ላይ ግን እስክስታን ስሎው ሞሽን አታድርጉት። ትከሻው ከከበሮው ጋር ካልመታ እስክስታነቱ ይቀራል። በ25 ፍሬም፣ ከነድምፁ ያዙት። ስሎው ሞሽኑን ለሙሽሮቹ አገባብና ለቬሉ ተዉት።

ኬክና ዳቦ ሲቆረስ ፎቶው ሙሽሮቹን «አንዴ ወደዚህ» ቢል ነውር የለውም። ቪዲዮው ግን ከዚያ በኋላ ሲጎራረሱ ያለውን ሳቅ ይጠብቅ። ምግብ ሲቀርብ ሰው እያኘከ አታንሱ። ጠረጴዛዎቹን እንግዳ ሳይቀመጥ ጨርሷቸው።

7. ብቻችሁን ከሆናችሁ

አቅም የለም፣ ሰርጉ ትንሽ ነው፣ ሁለቱንም በአንድ ሰው ይሁን ተባለ እንበል። ሐቁን ለሙሽሮቹ ንገሯቸው፦ በአንድ ቅጽበት ሁለቱንም አታገኙም። ከዚያ በየክፍሉ የቱ እንደሚቀድም አብራችሁ ወስኑ። የእኔ ምርጫ እንዲህ ነው። ምርቃት፣ ቃል ኪዳንና ንግግር ላይ ቪዲዮ ይቅደም፤ ድምፁ ካለፈ አይመለስም። ቡድን ፎቶ፣ ዕቃዎችና ፓርክ ላይ ፎቶ ይቅደም። ጭፈራውን ዘፈን በዘፈን ተከፋፈሉት፤ አንዱን ቪዲዮ፣ ቀጣዩን ፎቶ።

ሁለት ካሜራ ያዙ። አንዱ ትራይፖድ ላይ ሆኖ ሰፋ አድርጎ ሳያቋርጥ ይቅረጽ፤ ሌላው እጃችሁ ላይ ፎቶ ያንሳ። አንድ ካሜራ ብቻ ካላችሁ የፎቶውን ሴቲንግ በአንድ ማስታወሻ ቁልፍ፣ የቪዲዮውን በሌላው ላይ አስቀምጡ። አለበለዚያ 1/50 ላይ እንደቀረ ፎቶ ታነሱና ሁሉም ተንቀጥቅጦ ይወጣል።

«ከቪዲዮው ላይ ፎቶ እቆርጣለሁ» የሚል ሐሳብም ይመጣል። ከ4ኬ የሚቆረጠው ምስል 8 ሜጋፒክስል ገደማ ነው፤ ለስልክና ለትንሽ ህትመት ይበቃል። ችግሩ ሹተሩ 1/50 መሆኑ ነው። የቆመ ሰው ይወጣል፤ የሚንቀሳቀስ እጅና ፊት ግን ይደበዝዛል። ለአልበም አትተማመኑበት።

8. መልስ

መልስ ላይ ሀበሻ ልብስና ካባ ነው። ነጭ በነጭ ላይ። ካሜራው ነጩን አይቶ ምስሉን ያጨልማል፤ የሰዎቹ ፊት ይጠቁራል። ፎቶ ላይ ግማሽ ወይም አንድ ስቶፕ ጨምሩ፤ ሮው ስለሆነ ነጩን በኋላ መመለስ ይቻላል። ቪዲዮ ላይ ግን አንዴ የተቃጠለ ነጭ አይመለስም። ዜብራ የሚባለውን፣ ብርሃን የበዛበትን ቦታ በመስመር የሚያሳየውን ምልክት አብሩና የቀሚሱ ጥለትና የሽመናው ክር እንዳይጠፋ እያያችሁ አስተካክሉ። ቀኑ ከሰርጉ የረጋ ስለሆነ አያቶችን የምታነሱበት ጥሩ ጊዜ ነው፤ ቁጭ አድርጋችሁ ሁለት ቃል ቢመክሩ ቅረጹ።

9. ከሰርጉ በኋላ

የዚያኑ ማታ፣ ምንም ቢደክማችሁ፣ ካርዶቹን ሁለት የተለያዩ ሃርድ ዲስኮች ላይ ገልብጡ። አንዱ ከቤታችሁ ውጭ ይደር።

ፎቶ ቶሎ ይደርሳል፤ ስለዚህ ጥቂት የተመረጡትን በጥቂት ቀን ውስጥ ላኩላቸው። ከውጭ የመጡት ዘመዶች ሳይመለሱ ቢያዩት ደስታው ሌላ ነው። ቀሪውን ስትለቅሙ የተጨፈነ ዓይንና የተደጋገመውን አውጡ፤ ብዛት ውበት አይደለም። ቪዲዮ ግን ጊዜ ይበላል። መጀመሪያ ድምፁን ከምስሉ ጋር አገጣጥሙ። ከዚያ ምርቃቱንና ቃል ኪዳኑን አዳምጣችሁ ምርጡን ዓረፍተ ነገር አውጡና አጭሩን ፊልም በእሱ ላይ ገንቡት። ሙዚቃ ከዚያ በኋላ ይግባ። ሙዚቃ አስቀድሞ ያስቀመጠ ሰው ሥራው ከሌላው ሰርግ አይለይም። ለጀማሪ የዳቪንቺ ሪዞልቭ ነጻው እትም ከበቂ በላይ ነው። የፎቶውና የቪዲዮው ቀለም እንዲቀራረብ ሁለታችሁ ጥቂት ምስል ተለዋወጡ።

ስታስረክቡ ሥራው ያለበትን ፍላሽ ዲስክ ሰጥታችሁ አትሂዱ። እዚያው የሙሽሮቹ ቴሌቪዥን ላይ ሰክታችሁ ክፈቱት። ፍላሹ ፋት 32 ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ በኤክስፋት ፎርማት አድርጉት። አንዳንድ ቲቪ ደግሞ ኤክስፋትን ወይም 4ኬን አያነብም። ስለዚህ ረጅሙን ፊልም ከ4 ጊጋ በታች በሆኑ ክፍሎች፣ በ1080፣ በኤምፒ4 አዘጋጅታችሁ በሌላ ፍላሽ ያዙ። ሙሽሮቹ ፎቶውንም ቪዲዮውንም ከፍተው አይተው «ደርሶናል» እስኪሉ ድረስ ከዲስኮቹ ላይ ምንም አታጥፉ።